ከኩሽ ወንዞች ማዶ፦ ኢሳይያስ 18 በጋምቤላ መድረክና በጥንታውያን ክርስቲያኖች ንባብ

ኢሳይያስ 18 ከሰባት ቁጥሮች አያልፍም። በመሃል አገር መድረኮች ከስንት አንዴ ነው የሚሰበከው። በጋምቤላ ግን፣ በተለይ በኑዌርኛ በሚያመልኩ ጉባኤዎችና በስደተኞች ካምፖች ውስጥ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ ምእመናን ደጋግመው የሚያነሡት ክፍል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ነቢዩ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር ይናገራል፤ ሕዝቧ ረጃጅም፣ ቆዳው የለሰለሰ፣ በሩቅም በቅርብም የተፈራ ነው፤ ምድሩንም ወንዞች ይከፋፍሉታል። ባሮን፣ አልዌሮን፣ ጊሎንና አኮቦን እያየ ያደገ ሰው ይህን አንብቦ "ስለ ሌላ ሕዝብ ነው" ብሎ ለማለፍ ይቸገራል።

ንባቡ ከጋምቤላ ብቻ የፈለቀ አይደለም። በደቡብ ሱዳን ክርስቲያኖች ዘንድ፣ በዲንካውም በኑዌሩም፣ ክፍሉ የረጅሙ ጦርነት ዘመን መጽናኛ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1983 እስከ 2005 በተካሄደው ጦርነት መንደሩ የተቃጠለበት ምእመን ቁጥር 5 እና 6ን፣ ማለትም ቅርንጫፉ ስለሚቆረጠውና ለአሞራና ለአራዊት ስለሚተወው የሚናገረውን፣ የራሱ ታሪክ አድርጎ አነበበው። ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻነት ሲታወጅ ደግሞ ቁጥር 7 ተፈጸመ የሚል ደስታ በብዙ ጉባኤ ተሰማ፤ ያ ሕዝብ ወደ ጽዮን ተራራ እጅ መንሻ የሚያመጣበት ቀን ደረሰ ተባለ። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እስራኤልን ሲጎበኙ ምልክት ለሚፈልግ ሰው ሌላ ማረጋገጫ ተገኘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2013፣ ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ትንቢቱን አብረው የዘመሩ ሰዎች እርስ በርስ ተገዳደሉ። ከዚያ ወዲህ በፓጋክና በሌሎች መሻገሪያዎች ወደ ጋምቤላ የገባው ሕዝብ ብዙ መቶ ሺህ ነው። ሌችዎር ካምፕ በ2014 ክረምት በጎርፍ ተዋጠ፤ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ የሚሉት ስሞች የአገልግሎታችን አካል ሆኑ። በእነዚህ ካምፖች የሚያገለግል መጋቢ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ ትንቢቱ ተፈጽሞ ከነበረ እኛ ለምን እዚህ ነን? አንዳንዱ ሰባኪ ቁጥሮቹን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይገፋቸዋል፤ መቆረጡ ይሄኛው ጦርነት ነው፣ እጅ መንሻው ገና ይመጣል ይላል። ሌላው ዝም ብሎ ክፍሉን ማንበብ ያቆማል። ሁለቱም መንገዶች አዲስ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን በሁለቱም ሄዳባቸዋለች። የእነዚያ ክርስቲያኖች ታሪክ ለእኛ ጥያቄ ከብዙ ዘመናዊ የዘመን ፍጻሜ ሰንጠረዥ ይልቅ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ።

የራስን መንደር በትንቢት ውስጥ ማግኘት ከጥንትም የነበረ ነገር ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፍርግያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሞንታኖስ የሚባል ሰው ከሁለት ነቢያት ሴቶች፣ ከጵርስቅላና ከማክሲሚላ ጋር ተነሣ። ፔፑዛና ቲሚዮን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የገጠር ከተሞችን "ኢየሩሳሌም" ብሎ ሰየማቸው፤ ሕዝብም ከየአቅጣጫው ወደዚያ እንዲሰበሰብ ጠራ። ማክሲሚላ ጦርነትና ሁከት እንደሚመጣ ተነበየች፤ ከእርሷም በኋላ ፍጻሜው እንጂ ሌላ ነቢይ እንደማይኖር ተናገረች። አውሳብዮስ በታሪክ መጽሐፉ ያቆየልን አንድ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ እርሷ ከሞተች ከ13 ዓመት በላይ ማለፉን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜም ጦርነት አለመነሣቱን፣ ለክርስቲያኖችም ሰላም መሆኑን ይነግረናል። ክርክሩ አጭር ነው፤ ተቆጥሮ የሚያልቅ። ቤተ ክርስቲያን ሞንታኖሳውያንን የተቃወመችው ስለ ዘመን ፍጻሜ ስለ ተናገሩ ብቻ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ስለ ጌታ መምጣት ይናገሩ ነበር። ኢየሩሳሌምን ከጌታ ቃል ነቅለው ወደ ራሳቸው ቀበሌ ማዛወራቸው ግን ብዙዎችን አስደነገጠ።

የሮሙ ሂፖሊጦስ በ204 ገደማ በጻፈው የዳንኤል ትርጓሜ ሁለት ታሪኮች ይተርክልናል፤ መጋቢ የሆነ ሁሉ ቢያውቃቸው መልካም ነው። በሶርያ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ ብዙ ወንድሞችን ከነሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው አሳምኖ ክርስቶስን ለመቀበል ወደ ምድረ በዳ አወጣቸው። በተራራና በመንገድ ሲንከራተቱ የአገሩ ገዥ ወንበዴዎች መስለውት ሊያስፈጃቸው ነበር፤ ያዳነቻቸው አማኝ የነበረችው የገዥው ሚስት ናት፤ ባሏን ለምና። ሁለተኛው በጳንጦስ ነው። ሰውየው ትሑትና እግዚአብሔርን የሚፈራ ነበር ይላል ሂፖሊጦስ፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ሕልሙን ያምን ነበር። ሦስት ጊዜ አለመና ፍርድ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚሆን ተናገረ። እንደ ተናገርሁት ካልሆነ ከእንግዲህ መጽሐፍትን አትመኑ እስከ ማለትም ደረሰ። ገበሬዎች እርሻቸውን ተዉ፣ ሰዎች ያላቸውን ሸጡ። ዓመቱ አለፈ። መጽሐፍት እውነተኛ ሆነው ቀሩ፤ ወንድሞች ግን ተሰናክለው፣ ንብረታቸውን የሸጡትም ለልመና ተዳርገው ተገኙ።

የጳንጦሱ ሰው ከሐዲ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ችግሩ የመጽሐፍን ታማኝነት በራሱ አፈታት ላይ ማስያዙ ነው። "ይህ ካልሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ውሸት ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ሲነገር የሚያስከፍለው ዋጋ አንድ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍሉትም ሰባኪውን አምነው ላማቸውን የሸጡት ናቸው። የሚገርመው ሂፖሊጦስ ራሱ ቁጥር መቁጠሩ ነው። ዓለም 6000 ዓመት ይቆያል፣ ጌታ የተወለደው በ5500 ነው ብሎ፣ ፍጻሜውን ወደ 500 ዓ.ም. አካባቢ አደረገው። ስሌቱ የተሳሳተ ነው፤ ዓላማው ግን ሰዎችን ማረጋጋት ነበር፤ ገና ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አለ፣ ወደ እርሻችሁ ተመለሱ እንደ ማለት።

ከእርሱ በፊት የልዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ በ180 ገደማ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ኢሬኔዎስ የሺህ ዓመቱን መንግሥት በምድር ላይ በግልጽ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ በዚህ ነጥብ ከእርሱ በፊት የነበረው ዩስጢኖስ ሰማዕትም ይስማማል፤ ምንም እንኳ ዩስጢኖስ በቅንነት የሚያምኑ ብዙ ክርስቲያኖች ይህን እንደማይቀበሉ ቢመሰክርም። ሆኖም ስለ 666 ሲጠየቅ ኢሬኔዎስ ሊሆኑ ይችላሉ የተባሉ ሦስት ስሞችን ከጠቀሰ በኋላ ቆም ይላል። ስም ከመገመት ፍጻሜውን መጠበቅ ይሻላል፤ ስሙ በዚያ ዘመን መታወቅ ቢያስፈልግ ኖሮ ራእዩን ያየው ራሱ በነገረን ነበር ይላል። ጽኑ የዘመን ፍጻሜ ተስፋ ያለው ሰው ልጓም እንዴት እንደሚይዝ እዚህ ላይ እናያለን። ተስፋው አልቀዘቀዘም፤ ግምቱን ብቻ ገታ።

ለመጋቢዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ያደረገው ነው። ከ247 ገደማ እስከ 264 በጵጵስና ያገለገለው ዲዮናስዮስ በአርሲኖኤ፣ በዛሬው የግብፅ ፋዩም፣ ከባድ መከፋፈል ገጠመው። የዚያ አገር ጳጳስ የነበረው ኔፖስ ትንቢትን በምሳሌ የሚፈቱትን የሚቃወም መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ መጽሐፉ በገጠሩ ተሰራጭቶ ጉባኤዎችን እስከ መክፈል ደረሰ። ዲዮናስዮስ ደብዳቤ ልኮ ማውገዝ ይችል ነበር። ይልቁንም ወደ አርሲኖኤ ሄዶ የየመንደሩን ቀሳውስትና መምህራን ሰበሰበ፤ የፈለገ ምእመንም እንዲገኝ አደረገ፤ መጽሐፉንም በመካከል አስቀምጦ ሦስት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ተወያየ። ስለ ኔፖስ ሲናገር አላቃለለውም። እምነቱን፣ ትጋቱን፣ መጽሐፍ ማጥናቱን፣ ወንድሞች እስከዚያ ቀን ድረስ ደስ እያላቸው የሚዘምሩትን መዝሙሩን አመሰገነ። በመጨረሻ የትምህርቱ መሪ የነበረው ኮራክዮን በሁሉ ፊት ትምህርቱን እንደሚተው ተናገረ። ዲዮናስዮስ የገጠር ወንድሞቹን እውነት ወዳድነትና አስተዋይነት ያደነቀበትን ጽሑፍ አውሳብዮስ አቆይቶልናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ታማኝነት አይሆንም። ዲዮናስዮስ በዚያው ሥራው የራእይ መጽሐፍን የጻፈው ሐዋርያው ዮሐንስ ሳይሆን ሌላ ዮሐንስ ነው እስከ ማለት ሄደ። መጽሐፉን አልጣለም፤ ግን ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ጊዜ ራእይን በጥርጣሬ ማየታቸው ከዚህ ክርክር ጋር ይያያዛል። አንዱን ስሕተት ሲያርሙ መጽሐፉን ራሱን ማደብዘዝ ይቻላል። ኢሳይያስ 18ን ማንበብ ያቆመው ሰባኪ በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ኢሳይያስ 18ን በተመለከተ ደግሞ የቂሳርያው አውሳብዮስ አለ። ከኒቂያ ጉባኤ (325) በኋላ በኢሳይያስ ላይ ሙሉ ትርጓሜ ጽፏል። የዕብራይስጡ ቁጥር 2 በደንገል ታንኳ በውኃ ላይ ስለሚላኩ መልእክተኞች ይናገራል፤ በጣና ሐይቅ ላይ ዛሬም የምናያት ዓይነት ታንኳ። አውሳብዮስ የያዘው የሰባ ሊቃናት ግሪክኛ ግን "የደንገል ደብዳቤዎች" ይላል። ስለዚህ አውሳብዮስ ቁጥሩን ሲፈታ፣ የኢየሩሳሌም የአይሁድ አለቆች የክርስቶስን ትምህርት አዲስ ኑፋቄ ነው እያሉ በየአገሩ ወዳሉ አይሁድ የላኳቸውን ደብዳቤዎች አየ፤ በተቃራኒው ፈጣኖቹን መልእክተኞች የጌታ ደቀ መዛሙርት አደረጋቸው። አፈታቱ በአንድ የትርጉም ቃል ላይ ቆሟል። እኛም እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም አማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን የሰባ ሊቃናትን መንገድ ተከትሎ "ኩሽ" የሚለውን በብዙ ስፍራ "ኢትዮጵያ" ይለዋል። ደገኛው ያንን ቃል አንብቦ "ስለ እኛ ነው" ይላል፤ የባሮው ልጅ ወንዞቹን አይቶ "ስለ እኛ ነው" ይላል። ሁለቱም ከነቢዩ አገር በስተ ደቡብ መሆናቸው እውነት ነው። ነቢዩ የሚያውቃት ኩሽ ግን በናፓታ፣ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን፣ የተቀመጡ ነገሥታት ግዛት ነበረች። በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት እነዚህ ነገሥታት ግብፅን ይገዙ ነበር፤ መልእክተኞቻቸውም በአሦር ላይ ኅብረት ሊያደርጉ ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። ከእነርሱ አንዱ፣ ቲርሐቅ፣ በኢሳይያስ 37፥9 በስሙ ተጠርቷል። ረጃጅምነታቸውም የነቢዩ ግምት አልነበረም፤ የግሪኩ ሄሮዶቱስም የኩሽ ሰዎች ከሰው ሁሉ ረጅምና መልከ መልካም ናቸው ይባላል ብሎ ጽፏል። ኢሳይያስ ለእነዚያ ክቡራን መልእክተኞች የሰጣቸው መልስ፣ ጦርነቱ የሰው ኅብረት ሳይሆን የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው የሚል ነው። እግዚአብሔር በማደሪያው ጸጥ ብሎ ያያል፤ ጊዜው ሲደርስ ይቆርጣል። የሚቆረጠው ማን እንደሆነ ክፍሉ ስም አይጠራም፤ ብዙ ተርጓሚዎች አሦር ነው ይላሉ። እንግዲህ ቁጥር 5 እና 6ን የራሱ ሕዝብ መከራ አድርጎ የሚያነብ ሰው የጠላትን ፍርድ በራሱ ላይ እያነበበ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሐዘንተኛ መንገር ቀላል አይደለም፤ ግን ልጁን ያጣ አባት "ይህ የእግዚአብሔር ቍርጥ ፍርድ በአንተ ላይ ነበር" ሲባል ከመኖር ያድነዋል።

አውሳብዮስን ግን በደብዳቤዎቹ ብቻ ልንለየው አንችልም። ትልቁ ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። የስደቱን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ነበር፤ ወዳጆቹ ሲሰየፉ፣ መጻሕፍት ሲቃጠሉ አይቷል። ቆስጠንጢኖስ ሲነግሥና ስደቱ ሲቆም፣ አንድ አምላክ በሰማይ አንድ ንጉሥ በምድር ብሎ የነቢያትን የሰላም ተስፋ ከሮም መንግሥት ጋር አያያዘው፤ በ336 ንጉሡ በነገሠ በሠላሳኛው ዓመት በዓል ላይ ያቀረበው ንግግር በዚህ የተሞላ ነው። ማን ይፈርድበታል? ሐምሌ 2011 የተጨፈረውን ያየ ሰው አውሳብዮስን ይረዳዋል። ግን ንጉሡ በ337 ሲሞት ቤተሰቡ እርስ በርስ ተላለቀ። በ410 ደግሞ ሮም ራሷ በአላሪክ ተዘረፈች፤ "የክርስቲያን መንግሥት ይህ ከሆነ ትንቢቱ የት አለ?" የሚል ጥያቄ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ተሰማ። ጥያቄውን የሚጠይቁትም እንደ ዛሬዎቹ ስደተኞች ነበሩ፤ ከሮም ሸሽተው ሰሜን አፍሪካ የገቡ።

መልሱን የጻፈው የሂፖው አውግስጢኖስ ነው፤ "የእግዚአብሔር ከተማ" በሚለውና ከ413 እስከ 426 በደከመበት ሥራ። የትንቢትን ተስፋ ከማንኛውም ምድራዊ መንግሥት ፈታው። ሮም ብትቆምም ብትወድቅም የእግዚአብሔር ከተማ በስደት እየተጓዘች ትቀጥላለች። ስለ ሺህ ዓመቱ መንግሥት ያለው አስተያየት በእኛ መካከል ልዩነት እንደሚያስነሣ አውቃለሁ፤ በዚያ ላይ ከኢሬኔዎስ ጋር የሚቆም አንባቢ ይህን ዋና ነጥብ ሊቀበል ይችላል። በ419 ገደማ ደግሞ የሳሎናው ጳጳስ ሄሲኪዮስ ምልክቶቹን ስንቆጥር ፍጻሜው መቅረቡን ማወቅ አንችልምን ሲል ጻፈለት። አውግስጢኖስ በረጅም ደብዳቤ መለሰ። ጌታው ቶሎ ይመጣል የሚል አገልጋይ፣ ይዘገያል የሚል አገልጋይ፣ አላውቅም ብሎ የሚተጋ አገልጋይ አሉ፤ ከሦስቱ የመጨረሻው ይሻላል አለ፤ ከተሳሳተ የሚያሰናክለው የለምና። ከዚያም ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለውን ይጨምራል። ወንጌል ገና ለሕዝቦች ሁሉ አልደረሰም፤ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ እንኳ ወንጌል ያልተሰበከላቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነገዶች አሉ ይላል። ይህንንም ከምርኮኞች እንዳወቀ ይነግረናል። ስማቸውን አያውቅም። ግን የጌታን መምጣት ሲያስብ ዓይኑን ያሳረፈው በእነርሱ ላይ ነው።

ይህ የአነባበብ መንገድ በአውግስጢኖስ አልተጀመረም። ኢሬኔዎስ በሐዋርያት ሥራ 8 ያለውን ጃንደረባ ወደ አገሩ የተላከ ሰባኪ ያደርገዋል። አውሳብዮስም በታሪኩ ከአሕዛብ መጀመሪያ የሆነው እርሱ ነው ብሎ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለ መዘርጋቷ የሚናገረው መዝሙር 68 በእርሱ መፈጸሙን ይጽፋል። የህንደኬ መንግሥት መሮኤ ነበረች፤ የኢሳይያስ ኩሽ ወራሽ። ያ ሰው ለማምለክ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ሲመለስ በእጁ የያዘው የኢሳይያስ ጥቅልል ነበር። ሉቃስ ምዕራፍ 53ን ያነብ ነበር ይለናል። ጥንታውያኑ የኩሽን ትንቢት በጃንደረባው በኩል ሲያነቡ ድንበርና ባንዲራ አላዩም፤ ስለ ታረደው በግ ሰምቶ የተጠመቀ ሰው አዩ።

ይህ ለጋምቤላ ከሌላ ክልል ይልቅ ያስፈልጋል። በአንዲት የከተማ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ኑዌርና አኙዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ፣ ከደጋ የመጣውም ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፖክዎ አኙዋኮችን ያገለገለው ሚሲዮንና በናስር በኩል ወደ ኑዌሩ የሄደው ሥራ የአንድ የፕሬስቢቴሪያን አገልግሎት ሁለት እጆች ነበሩ። በጥር 2016 በዚህችው ከተማ ኑዌርና አኙዋ ሲጋጩ ምእመናን በሁለቱም ወገን ነበሩ። "ረጅሙ ሕዝብ" የአንድ ነገድ ስም ነው ተብሎ ሲሰበክ ከአጠገቡ የተቀመጠው አኙዋ ምን ይሰማል? እርሱም ረጅም ነው፤ ምድሩንም ወንዝ ይከፍለዋል። ዝምታው ስምምነት እንዳይመስለን።

የንጉንደንግ ቦንግም ጉዳይ አለ። በ1906 የሞተው የኑዌሩ ነቢይ መዝሙሮች ዛሬም ይዘመራሉ፤ ዳንግ የተባለ በትሩ በ2009 ወደ ጁባ ሲመለስ ሕዝብ በእልልታ ተቀብሎታል። በብዙ ሰው አፍ ንጉንደንግና ኢሳይያስ አብረው ይጠቀሳሉ። ይህን በመድረክ ላይ በቁጣ ማውገዝ የዲዮናስዮስን ሦስት ቀን አይተካም። ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ፣ መዝሙሩንም ጽሑፉንም በመካከል አድርጎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መስማት ይቻላል። ኢሳይያስ መለኪያ የሚሆነውና ንጉንደንግ የሚለካው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚገለጠው እንዲህ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ የጽሑፍ ነጥብ ቀርቶኛል። በቁጥር 7 ላይ ግሪክኛውና ከሙት ባሕር ዋሻዎች የተገኘው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል እጅ መንሻው ከረጅሙ ሕዝብ "ዘንድ" እንደሚመጣ ያነባሉ። የተለመደው ዕብራይስጥ ግን በመጀመሪያው ሐረግ "ከ" የሚለውን ፊደል አልጻፈም፤ እንደ ተጻፈ ቢነበብ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርበው እጅ መንሻ ሕዝቡ ራሱ ይሆናል። ወዲያው በሚቀጥለው ሐረግ "ከ" ይመለሳል። ተርጓሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ምናልባትም ትክክል ናቸው። ግን ኢሳይያስ ራሱ በ66፥20 ወንድሞች ከአሕዛብ ሁሉ ለእግዚአብሔር ቍርባን ሆነው እንደሚመጡ ይናገራል፤ ጳውሎስም በሮሜ 15፥16 አሕዛብን የሚያቀርበው ቍርባን ይላቸዋል። በቴርኪዲ ወይም በጀዊ ካምፕ በሸራ ጥላ ሥር በእሑድ ጠዋት የሚሰበሰብ ጉባኤ ወደ ጽዮን የሚልከው ወርቅ የለውም።